መልስ፦ ከታጠበ እቃ የሚወርደው ውሃ

እህቴ፣ ከታጠበው እቃ የሚንጠባጠበው ውሃ እየተኛ የሲንኩን ሥር ቺፑድ አሳበጠብኝ ብለሻል። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባሁ ሰሞን ይሄው ነው የገጠመኝ።

አዲስ መደርደሪያ ለመግዛት አትቸኩዪ። ችግሩ ውሃው መሄጃ ማጣቱ ነው። እኔ ያረጀ የፕላስቲክ ትሪ አንዱን ጠርዝ በቢላ ቆረጥኩና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ሲንኩ አስገባሁት። በግድግዳው በኩል ደግሞ ከሥሩ ሁለት የሃይላንድ ክዳን አደረግሁ። አያምርም፣ ባለቤቴም ስቃብኛለች፤ ግን ውሃው በራሱ ጊዜ ወደ ሲንኩ ይወርዳል። መደርደሪያው ከላዩ ይቀመጣል። ሳህኑን አቁሚው፣ ብርጭቆውን ድፊው።

በሲንኩ ዙሪያ ክፍተት ካለ ሲሊኮን ይመታ። መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ፤ ከተመታ በኋላም 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ያበጠው ቺፑድ ግን አይመለስም፣ ተይው።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በሁለት ሳፋ እጠቢ፤ የማለቅለቂያው ለሽንት ቤት ይሆናል።

ከሲንኩ ሽታ ይመጣል ያልሽው ደግሞ፣ ከሥሩ ያለው ጎባጣ ቱቦ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሽታውን የሚያግደው እዚያ የሚተኛው ውሃ ነው። ቤቱን ዘግተሽ ስትከርሚ ደርቆ ከሆነ፣ ስትመለሺ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሺበት።