ማስመሪያ የሌለው ፎቶ አልመልስም፦ የሞዴል ታንክ ጥያቄና መልስ

ከጣፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ የተበተንን የሞዴል ታንክ ሰብሳቢዎች የወሩ የጥያቄ ቀናችን ነው። መላሹ እንደተለመደው ጋሼ ናቸው። ጥያቄያችሁ ግልጽ ይሁን፤ አደራ።

ጋሼ፦ እኔም አደራ እላለሁ። ማስመሪያ ከጎኑ ያልተቀመጠ ፎቶ አልመልስም። ባለፈውም ብያለሁ። በሉ ቀጥሉ።

የጣፎው፦ ጋሼ፣ ይቺን ከመርካቶ ገዛኋት። ኦሪጅናል ናት?

ጋሼ፦ የማን ኦሪጅናል? የትኛዋ ታንክ እንደሆነች እንኳ አልነገርከኝም። ማስመሪያስ የታለ?

የጣፎው፦ ይቅርታ ጋሼ። ሳጥኑ ቲ-55፣ 1/72 ይላል። ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ኋላዋ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ናት። ስፋቷ 5 ተኩል።

ጋሼ፦ አሁን ተግባባን። እውነተኛዋ ቲ-55፣ የሶቪየቷ ታንክ፣ ከነአፈሙዟ 9 ሜትር ትሆናለች። 1/72 ማለት ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ ያነሰች ማለት ነው፤ ለ72 አካፍለው፤ 12 ሴንቲ ተኩል ይመጣል። ርዝመቷ ልክ ነው። ስፋቷ ግን 3 ሜትር ከ27 ነው። ስለዚህ ያንተዋ 4 ሴንቲ ተኩል መሆን ነበረባት። አንድ ሴንቲ ወፈረች ማለት፣ በእውነተኛዋ ላይ 72 ሴንቲ ቀጠሉባት ማለት ነው። እስቲ ሆዷን ገልብጠህ እይ። የባትሪ ቦታ የለም?

የጣፎው፦ አለ! ሁለት ባትሪ ይገባል።

ጋሼ፦ አልኩህ። ለባትሪው ሲሉ ነው ያወፈሯት። ግን አትናቃት። ዛሬ ዓለም የሚሰበስበው 1/35 ራሱ ከባትሪ ነው የተወለደው። የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የጀርመኗን ፓንተር ሲሠራ፣ ሞተርና ባትሪ እንዲገባባት አድርጎ መጠኗን ቆረጠ። ሲሰላ 1/35 ሆነ፤ በዚያው ቀረ። ልዩነቱ ታሚያ ርዝመቱንም ስፋቱንም እኩል መጥኗል። ያንተዎቹ ጎኗን ብቻ ጎተቱት። ለልጅ መጫወቻ ጥሩ ናት፤ መደርደሪያ ላይ አታውጣት።

የኮዬው፦ ለጀማሪ 1/72 ይሻላል ወይስ 1/35?

ጋሼ፦ ኮንዶሚኒየምህ ስቱዲዮ ከሆነ 72። ቀጥሎ።

የሰበታዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ቲ-54፣ ቲ-55 እና ቲ-62 ይምታቱብኛል። ሻጮቹም የሚለዩ አይመስለኝም።

ጋሼ፦ ተባረኪ እህቴ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ከጎማ ጀምሪ። ሦስቱም በአንድ ጎን አምስት አምስት ትልልቅ ጎማ አላቸው፤ ስለዚህ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ክፍተቱን እዪ። በቲ-54 እና በቲ-55፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መሃል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። የቀሩት ተጠጋግተዋል። በቲ-62 ግን ክፍተቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መሃል ነው።

ቀጥሎ አፈሙዙን እዪ። ላዩ ላይ ጭስ የሚያስወጣ ወፈር ያለ ቀለበት አለ። ቲ-55 ላይ ጫፉ ላይ ነው፤ ቲ-62 ላይ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። የቲ-55 መድፍ 100 ሚሊ ሜትር፣ የቲ-62 ደግሞ 115 ነው። በ1/72 ይሄ ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ የቀለበቱ ቦታ ግን ይታያል።

ቲ-54ን ከቲ-55 ለመለየት ከላይ ተመልከቺ። ቲ-54 ቱሬቷ (መድፉን ይዞ የሚዞረው ክፍሏ) አናት ላይ፣ በቀኙ ክዳን ፊት ለፊት፣ ጉብ ያለ ክብ የአየር ማስወጫ አላት። ቲ-55 የላትም። ይሄን ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ።

አንድ ልጨምር። እነዚህ ሦስቱ ከላይ ሰንሰለቱን የሚደግፉ ትናንሽ ጎማዎች የሏቸውም። ሰንሰለቱ በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ረገብ ብሎ ነው የሚያርፈው። ሞዴሉ ላይ ቀጥ ብሎ አየር ላይ ከተወጠረ፣ ሠሪው እውነተኛዋን ጠጋ ብሎ አላያትም ማለት ነው። ቲ-72 ግን ስድስት ጎማና ከላይ ሦስት ደጋፊ አላት፤ እሷን ከእነዚህ ጋር የሚያምታታ ካለ ዛሬ አይጠይቀኝ።

የገላኑ፦ ጋሼ፣ የኔዋ ብዙ ዲቴይል አላት። መያዣው፣ መብራቱ፣ ገመዱ፣ ሁሉም አለ። ኦሪጅናል ትመስልዎታለች?

ጋሼ፦ አሁንም ኦሪጅናል! ዝርዝር መብዛቱ ምንም አይነግርህም። ቱሬቷ ጎን ላይ ያለውን የእጅ መያዣ ለካው።

የገላኑ፦ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ይሆናል።

ጋሼ፦ በ72 አባዛ። 7 ሴንቲ ከምናምን ውፍረት ያለው መያዣ! ወታደሩ ዘነዘና ጨብጦ ነው ታንክ ላይ የሚወጣው? በ1/72 መያዣ በቀጭን ሽቦ ካልተሠራ፣ በላዩ ላይ ተቀርጾ ቢቀር ይሻለው ነበር። አፈሙዙስ ክፍት ነው ድፍን?

የገላኑ፦ ድፍን ነው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ፍረድ።

የቡራዩው፦ ጋሼ፣ የጣሊያኗን ትንሿን ታንክ ኤል-3ን እየፈለግኩ ነው። አያቶቻችን በዱላ የገለበጧትን።

የገላኑ፦ በዱላ ታንክ ይገለበጣል እንዴ? ተረት ነው።

የቡራዩው፦ ተረት? ታሪክ አንብብ ወንድሜ!

የኮዬው፦ የኔ አያት ማይጨው ዘምተዋል፤ እሳቸው ደግሞ…

ጋሼ፦ ቆዩ ቆዩ፣ ማይጨውን ተዉት፤ ጥያቄው እሱ አይደለም። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ሲወጣ እነዚህን ታንኮች ገጠማቸው። ኤል-3 ክብደቷ 3 ቶን ከጥቂት ነው፤ ሁለት ሰው ነው የሚገባባት። ዋናው ነገር ግን ቱሬት የላትም! መትረየሱ ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቦታው ደግሞ ድንጋያማና ጠባብ ነው። የኛዎቹ በጎንና በኋላ መጡባት። ያኔ ምን ታደርጋለች? አንዳንዷ ተገለበጠች፣ አንዳንዷ ተቃጠለች። ሰው ከተረባረበ 3 ቶን ይገለበጣል።

ለሰብሳቢ የሚጠቅመውም እዚሁ ላይ ነው። ሞዴሏ አናቷ የሚዞር ከሆነ ኤል-3 አይደለችም፤ ተዋት። ኤል-3/35 ላይ ጥንድ መትረየስ በግራ በኩል መሆን አለበት፤ ሹፌሩ በቀኝ ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ17 ስለሆነ በ1/35 9 ሴንቲ፣ በ1/72 4 ሴንቲ ከ4 ሚሊ። ትንሽ ናት ብለው አጋነው የሚሠሯት አሉ። ማስመሪያ! ማስመሪያ!

የቡራዩው፦ ዋጋዋስ ስንት ይሆናል?

ጋሼ፦ ሻጩን ጠይቅ።

የሰበታዋ፦ ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ ከቆርቆሮ አንድ ሠርቷል። ጎማው ቆርኪ ነው። ይሄ ስብስብ ውስጥ ይገባል? ፎቶው ከነማስመሪያው ይኸውላችሁ።

የጣፎው፦ የመጫወቻ ቡድን ሆንን እንዴ? ይሄ እኮ ሞዴል አይደለም።

የኮዬው፦ አንተ ባትሪ የሚገባባትን አምጥተህ የለ እንዴ? ተወው ልጁን።

ጋሼ፦ ዝም በሉ፣ እያየሁ ነው። አምስት ቆርኪ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሃል ክፍተት አለ። ከየት አየው?

የሰበታዋ፦ አገር ቤት መንገድ ዳር የቀረ የተቃጠለ ታንክ አለ፤ ክረምት ሲሄድ እላዩ ላይ ነው የሚውለው።

ጋሼ፦ ያስታውቃል። አፈሙዙ አጭር ነው፤ ተቆርጦ የቀረውን አይቶ ይሆናል። በሉት፣ ሙሉው አፈሙዝ ከሰውነቷ ወደ ፊት 3 ሜትር ግድም ይወጣል። ቀለም እንዳትቀቡበት። ይገባል፤ የሚቃወም ካለ መጀመሪያ የራሱን ይለካ።

የገላኑ፦ ጋሼ፣ የኛ ሰፈር አቧራ አያድርስ ነው። በምን ላጽዳ?

ጋሼ፦ በንጹሕ የሜካፕ ብሩሽ፣ ደረቁን። አሴቶን እንዳታስነካት፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ቤንዚንም አይሆንም። ለስላሳ የጎማ ሰንሰለት ያላት ከሆነች ደግሞ ጎማዎቹን በየጊዜው አገላብጠህ እይ። ሰንሰለቱ የሚነካውን ፕላስቲክ ቀስ በቀስ የሚበላበት ጊዜ አለ። መብላት ከጀመረ አውጥተህ ቀይር።

የጣፎው፦ የብረቷስ? አንድ አሮጌ የብረት ታንክ አለችኝ፤ ጎኗ እየተሰነጣጠቀ ነው። በሱፐር ግሉ ላጣብቃት?

ጋሼ፦ ፎቶ?

የጣፎው፦ ይኸው። ማስመሪያም አለው።

ጋሼ፦ ይሄ ዝገት አይደለም። ዚንኩ ሲቀለጥ እርሳስ ተቀላቅሎበት ነው፤ ከውስጥ ነው የሚፈርሰው። ሱፐር ግሉ አያድናትም፣ ቀለምም አያድናትም። ደረቅ ቦታ አስቀምጣት፣ አትነካካት። ብሎኖቿንና ሰንሰለቷን ግን አሁኑኑ ፍታ፤ ለሌላ ይሆኑሃል።