«ምን ጎደለብሽ?» ለተባለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እህታችን በባሏ ሥራ ምክንያት በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መጥታለች። ሦስት ልጆች አሏት፤ ትንሹ ገና ስምንት ወሩ ነው። ቤት ነው የምትውለው። ሕፃኑ ተኝቶም እሷን እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰው ሁሉ «ጤና አላችሁ፣ ልጆች አሉሽ፣ ምን ጎደለብሽ? ተመስገን በይ» ይላታል። የምስጋና ደብተር ጀምራ ተወችው። «ተመስገን እላለሁ፣ ግን ምንም አይሰማኝም። ልጆቼም የተደረገላቸውን የማያውቁ ሊሆኑብኝ ነው። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?» ትላለች።

እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እንዳንቺው ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የኔዎቹ ግን ትንሽ ከፍ ብለዋል።

መጀመሪያ ይሄን «ምን ጎደለብሽ» የሚሉትን ነገር እናንሳው። የሚሉሽ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ግን መልስሽን ሊሰሙ አልጠየቁሽም፤ ዝም በይ ነው የሚሉሽ። የደከመው ሰው ደከመኝ እንዳይል ከተከለከለ ተመስገኑም ከአፉ አያልፍም። እኔ ቤት ሁለቱም ይባላል። ቀን «ዛሬስ ገደላችሁኝ» እላለሁ፣ ማታ ደግሞ ለሌላ ነገር ተመስገን እላለሁ። ተጣልተው አያውቁም። «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» የሚሉሽም አይጠፉም። ኢዮብ ራሱ ግን የተወለደበትን ቀን እስኪረግም ድረስ አማሯል። ምዕራፍ 3 ላይ አለልሽ።

አሁን ወደ ድሬ ልምጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እዚህ የሚቸገረው በሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እኛ 1,200 ሜትር አካባቢ ነን። ሰውነትሽ መጥቷል፣ ቀንሽ ግን አዲስ አበባ ቀርቷል። ምሳ፣ ከዚያ ዕቃ ማጠብ፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ልብስ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅ አስቀምጦ ማባዛት ማስጠናት፣ አቦ ይሄ ለሁለታችሁም ቅጣት ነው። ከተማው ራሱ ያን ሰዓት ይዘጋል እኮ። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ስንፍና የሚመስለው ሰው አለ። አንድ ግንቦት እዚህ ይክረምና ይንገረኝ።

እኔ ቤት ከምሳ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ማንም ምንም አይጠየቅም። ወለሉ በውሃ ይወለወላል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ሁሉም ይጋደማል። እንቅልፍ እምቢ ያለው ጣሪያ እያየ ይተኛል። የቤት ሥራ በማለዳ ነው፣ ካልሆነም ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ። «ይሄ ከምስጋና ጋር ምን አገናኘው?» ትዪኝ ይሆናል። ከልጁ ጋር እየተጯጯኸ ስለ ልጁ የሚያመሰግን ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። የምትጮሂበትን ሰዓት እወቂውና መጀመሪያ እሱን አቅልዪው። ማታ ደጅ ወንበር አውጥተሽ ስትቀመጪ፣ ልጆቹም ከሰፈሩ ልጅ ጋር ሲራወጡ ስታዪ፣ ያን ጊዜ ሳትጠሪው የሚመጣ ነገር አለ።

ደብተሩን በተመለከተ፣ ጥፋቱ ከአንቺ አይመስለኝም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሮበርት ኤመንስና ማይክል መከላው የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። በመጀመሪያው ሙከራቸው አንዱ ቡድን ያመሰገነባቸውን እስከ አምስት ነገሮች በሳምንት አንድ ጊዜ ጻፈ፣ ለአሥር ሳምንት። ሌላው ቡድን ያበሳጨውን ጻፈ። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። በሳምንት አንዴ የሚለውን ልብ በይልኝ። ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ የተባለች ሌላ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሁለቱን አወዳድራ ነበር። በሳምንት አንዴ የጻፉት ተጠቀሙ፤ በሳምንት ሦስቴ የጻፉት ግን ለውጥ አላገኙም።

አንቺ በየቀኑ ነበር የምትጽፊው። «ጤና፣ ልጆቼ፣ ቤቴ።» በማግስቱ «ልጆቼ፣ ቤቴ፣ ጤና።» ይሄ የቀበሌ ቅጽ እንደመሙላት ነው፤ ማን ይቆይበታል?

የኔ እሁድ ማታ ነው። ፍሪጅ ላይ የልጆቹ ያላለቀ ደብተር አለ፣ ከኋላው ገልብጬ እጽፋለሁ። ደንቤ አንድ ነው። ማን ምን እንዳደረገ ካልተጻፈ አይቆጠርም። ከእሱ ትንሽ ልገልብጥልሽ።

«መሐለኛዋ ዘይቱኑን ገምሳ፣ ትል እንደሌለው አይታ፣ ለእህቷ ሰጠቻት።»

«አዴ በሌሊት በሩን መትተው ውሃ መጥቷል አሉን። በርሜሉም ባልዲውም ሞላ።»

«ትልቁ የእህቱን ጫማ አሰረላት። እያጉረመረመ ነው፣ ግን አሰረላት።»

አዴ ግቢ የምንጋራቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ይሄን ከወራት በኋላ ሳነበው ያ ቀን ይመጣልኛል። ዘይቱኑ ይሸተኛል። «ጤና» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ምንም አላይም ነበር። የምዘለው ሳምንትም አለ። እግዜር ደብተር አያርምም።

ስለ ልጆቹ ትንሽ ልርዘም፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴያችን አንድ ነው። ዘመድ ከጅቡቲ ይመጣል፣ ለልጁ አንድ ነገር ያወጣለታል፣ እኛ ትከሻውን ገፋ አድርገን «አመሰግናለሁ በል!» እንላለን። ልጁ መሬት መሬት እያየ ይላል። አለቀ። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል፣ አንድሪያ ሁሶንግ የምትመራው የተመራማሪዎች ቡድን የልጆችን ምስጋና በአራት ከፍሎ ያየዋል። ልጁ መጀመሪያ የተሰጠውን ያስተውላል። ከዚያ ለምን እንደተሰጠው ያስባል። ከዚያ ውስጡ የሆነ ነገር ይሰማዋል። በመጨረሻ አንድ ነገር ያደርጋል ወይም ይናገራል። «አመሰግናለሁ» የሚመጣው እዚህ አራተኛው ላይ ነው። እኛ ሦስቱን ዘለን አራተኛውን ብቻ ነው የምናስጠናው። ከዚያ «አፉ ላይ ብቻ ነው» ብለን እናማርራለን።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ በትልቁ ልጄ ሞከርኩት። አጎቱ ከጅቡቲ ጫማ አምጥቶለት ነበር።

«ለምን ያመጣልህ ይመስልሃል?»

«ሻንጣው ቦታ ስለተረፈው።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ «እሺ፣ ልክህን ማን ነገረው?» አልኩት።

አሰበ። «ባለፈው ሲመጣ እግሬን በስንዝሩ ለክቶኝ ነበር» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ቆየት ብሎ ስልኬን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደና ደወለለት። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ደውል ያለው ግን አልነበረም።

ሁሌ አይሳካም። መሐለኛዋ ገና አፌን ስከፍት «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ልትጠይቂኝ ነው አይደል?» ትላለች። ከበዛባቸው ፈተና ይሆንባቸዋል። አልፎ አልፎ፣ ደስ ብሏቸው ሳለ ብቻ ሞክሪው።

ሌላው ከፊራ ነው። ገና ካልሄድሽ ሂጂ፣ ያ ቅስት ቅስት ግንብ ያለው ገበያ ነው። ቅዳሜ በማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ አንዱን ልጅ ይዤ እወርዳለሁ። በተራ ነው፣ ሦስቱንም ይዞ ገበያ መሄድ ጉድ ነው። ከገጠር የመጡት ሴቶች ማንጎውን፣ ቲማቲሙን፣ ሎሚውን ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንድ ቀን ትንሿ አንዷን ባለቲማቲም በኦሮምኛ «ከየት ነው የመጣሽው?» ብላ ጠየቀቻት። የድሬ ልጅ ቋንቋ አይቸግረውም፤ ያንቺዎቹም ዓመት ሳይሞላቸው ታያለሽ። ሴትዮዋ ሰማይ ሳይነጋ ተነስታ፣ ተሸክማ፣ በእግሯ እንደመጣች ነገረቻት። ቤት ስንደርስ ልጅት ቲማቲሙን እኔ ካላጠብኩ አለች። «ይቺ በሌሊት የመጣችዋ ናት፣ ቀስ» እያለች።

ከዚያ በኋላ ምግብ ማስተረፍ አቆመች ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬም ታስተርፋለች። ግን ምግቡ ሳህኗ ላይ እስኪደርስ ሰው እንደደከመበት ታውቃለች። «ስንቱ ልጅ ጦሙን ያድራል፣ አንቺ ታማርጫለሽ» ከሚለው የድሮ ስብከት ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። እሱ ስብከት እኔንም አሳድጎኛል። ያተረፈልኝ ግን ሆዴ ሞልቶም ጨርሼ መብላትን ብቻ ነው።

ለትልቅ ነገር ማመስገንማ እናውቅበታለን። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚተመውን ሕዝብ ታዪዋለሽ። ስለቱ የሰመረለት ጃንጥላ ይዞ፣ ልጅ አዝሎ ይሄዳል፤ ከድሬ ተነስቶ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ የሚወጣም አለ። እኔም ለትልቁ ልጄ ስለት አግብቻለሁ። የሚያቅተን ትንሹ ነው። ሰኞ ጠዋት አንዱ ካልሲ ጠፍቶ ማን ምን ትዝ ይለዋል?

በትንሹ ነገር ላይ ጎረቤቶቻችን ይበልጡናል። አዴ ውሃ ጠጥተው አልሐምዱሊላህ፣ አስነጥሰው አልሐምዱሊላህ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ ገብተው አልሐምዱሊላህ ነው። ትንሿ ልጄ ግማሽ ቀኗን እሳቸው ቤት ስለምትውል፣ ምሳ በልታ ስትነሳ «አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን» ብላ ሁለቱንም ታከታትለዋለች። አማቴ መጀመሪያ ደንግጠው ነበር። አሁን ለምደውታል፤ እንዲያውም አንዱን ስትረሳ የሚያስታውሷት እሳቸው ናቸው።

ስለ ባልሽ ምንም አልጻፍሽም፤ እኔ ግን ሳልጠየቅ ልግባበት። ልጆች እኛ እርስ በርስ የምንባባለውን ነው የሚቀዱት። ባልና ሚስት «አመሰግናለሁ» ሲባባሉ እኔ ሳድግ አልሰማሁም። እሱ ለእንግዳ ነበር። ስለዚህ እኔም ያቺን ቃል ትቼ የተደረገውን ነገር መናገር ጀመርኩ። «ሌሊት ተነስተህ በርሜሉን ባትሞላ ዛሬ ምን እሆን ነበር?» አልኩት ለባለቤቴ። ጠርጠር አድርጎ አየኝና «ምን ልትገዢ ነው?» አለኝ። አሁን እሱም በራሱ መንገድ ይላል። «ዛሬ ሻዩ ሻይ ሆኗል» ካለ፣ ከእሱ አፍ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቀን ትልቁ ልጄ ለእህቱ «ዛሬ ሻዩ ሻይ ሆኗል» ሲላት ሰማሁት። ያቀረበችለት ግን ውሃ ነበር።

አሁን ካነበብኩ ጀምሮ ያሳሰበኝን ልንገርሽ። «ምንም አይሰማኝም» ብለሻል። ሕፃኑ ተኝቶልሽም እንቅልፍ አይወስድሽም። የስምንት ወር ልጅ አለሽ፣ ከተማው አዲስ ነው፣ ወገን አጠገብሽ የለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት በአራስ ቤት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ከእምነትሽ ጋርም፣ ከተመስገንሽ ጋርም አታያይዢው። ስሜቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ከሆነ ደብተሩንም፣ እኔ እስካሁን የለፈለፍኩትንም ተዪውና የጤና ባለሙያ አናግሪ። ራስሽን ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት ሐሳብ ሽው ካለብሽ ደግሞ ዛሬውኑ ለባልሽ ንገሪው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

መነሻ ሰበብ ካስፈለገሽ፣ ልጅሽ ዘጠኝ ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት አለው። እስከዚያ ጠብቂ ማለቴ ሳይሆን፣ እስከዚያም ካልሄድሽ ያቺን ቀን እንዳታሳልፊያት ነው። እዚያ ስትደርሺ ስለ ሕፃኑ ብቻ ይጠይቁሻል። አንቺ ራስሽ አንሺው፤ «እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ምንም ደስ አይለኝም» በያቸው። ሳቢያን አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ትልልቆቹን አዴ ጋ እናስቀምጣቸዋለን።