ጓንት ስታወልቁ አትቸኩሉ

ልጆቼ፣

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን መግባቱ ሲነገር፣ ባለቧንቧ በርሜል አቁመው መንገደኛውን እጅ ሲያስታጥቡ የዋሉት በዕድሜ እናንተን የሚያህሉ ወጣቶች ነበሩ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ እዚህ ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል በር ላይ «ምን ላግዝ?» ብላችሁ የምትቆሙት እናንተው ናችሁ። ኢንፌክሽን መከላከል ላይ እንዳረጀ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድማችሁ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ በጎ ፈቃደኛ ከሕመምተኛው አጠገብ ሲቆም ይጠነቀቃል፤ የሚያዘው ሥራው አለቀ ብሎ ሲዘናጋ ነው። ጓንቱን ጎትቶ ሲያወልቅ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ሻይ ሲጠጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር ትሪ ከብቦ ሲጎራረስ።

ገና ስትመዘገቡ የሆስፒታሉን የኢንፌክሽን መከላከል ተጠሪ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ስልኩንም ያዙ። የጉበት ቫይረስ «ቢ» ክትባት ካልወሰዳችሁ ጀምሩ፤ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። አስም ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ቤታችሁ የተኛ አዛውንት ያላችሁ ከዋርድ (ሕመምተኞች ከሚተኙበት ክፍል) ውጭ ያለውን ሥራ ውሰዱ። መዝገብና ስልክ፣ የውሃ ጀሪካን መሙላት፣ ሰው መምራት፣ ሁሉም ሥራ ነው። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ናሙና መያዝ፣ አስከሬን መገነዝ ግን ያልሠለጠነ ሰው ሥራ አይደለም። በተጣበበ ቀን አንዷ ነርስ «ና እስቲ ይህን ያዝልኝ» ልትል ትችላለች። «ሲስተር፣ በዚህ አልሠለጠንኩም፤ የሚችል ሰው ልጥራልሽ?» ማለት ነውር የለውም። እሷም ትረዳዋለች።

አለባበሳችሁን እዩ። ጫማ የተሸፈነ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ላይ የፈሰሰ ነገር እግር ይነካል። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና አምባር ቤት ይቅር፣ ማዕተባችሁ ከልብስ ሥር ይግባ። ሴቶች ሹሩባችሁን ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ነጠላ ዋርድ ውስጥ አይለበስም፤ ጫፉ አልጋውን ሁሉ ሲጠርግ ይውላልና። ወንዶች፣ ኤን 95 የሚባለው አየር አጣሪ ማስክ ጢም ላይ አይገጥምም፤ አየሩ በጢሙ በኩል ሳይጣራ ይገባል። ማስኩን ስታደርጉ የአፍንጫውን ብረት በሁለት እጅ ጣቶች ተጫኑት፣ ከዚያ ፊቱን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። ዓይናችሁ ሥር ወይም ጉንጫችሁ ላይ ነፋስ ከተሰማችሁ አልገጠመም፤ አስተካክሉት። ነጠላ ወይም ፎጣ አፍንጫ ላይ መሳብ የዚህ ምትክ አይሆንም።

እጅ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይታሻል። ሰው የሚዘላቸው አውራ ጣት፣ የጣት ጫፍና በጣቶች መካከል ያለው ቦታ ናቸው። ባለቧንቧ ባልዲው ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይፈጸማል፤ ቧንቧው በቆሸሸ እጅ ይከፈትና በታጠበው እጅ ይዘጋል፤ ቆሻሻው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አንዳችሁ ቆማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ካልሆነ በወረቀት ወይም በክርን ይዘጋ። ሳሙናው ውሃ ውስጥ አይንሳፈፍ፤ የተበሳ ማስቀመጫ ሥሩለት። የጋራ ፎጣ አትስቀሉ፣ እጅ በአየር ይድረቅ። ሕመምተኛ ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ፣ አልጋውን ወይም ዕቃውን ከነካችሁ በኋላ፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካችሁ በኋላ ታጠቡ። ጓንት እጅ መታጠብን አያስቀርም። ጓንት አድርጎ ስልክ የሚያነሳ ልጅ ካያችሁ በትህትና አስቁሙት፤ ያ ስልክ ማታ ጆሮው ላይ ነው።

የማውለቁን ነገር ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። የአንዱን ጓንት አንጓችሁ አካባቢ ከውጭ በኩል ቆንጥራችሁ ያዙና እየገለበጣችሁ ሳቡት፤ ቆዳችሁን አትንኩ። የወጣውን ጓንት ባልወለቀው እጅ መዳፍ ውስጥ ጨብጡት። ከዚያ ባዶ ጣታችሁን በቀረው ጓንት ጠርዝ ሥር፣ በቆዳውና በጓንቱ መካከል አስገቡና ገልብጣችሁ አውጡት፤ የመጀመሪያው በሁለተኛው ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ጧ ብሎ እንዲወጣ አትጎትቱት፤ ጠብታ ይረጫል። ጣሉት፣ እጃችሁን እሹ። ቀጥሎ ጋውኑን (ከላይ የሚደረበውን መከላከያ ልብስ)፦ ማሰሪያውን ፍቱ፣ ከትከሻ ወደ ፊት እየሳባችሁ የውጭው ገጽ ወደ ውስጥ እንዲገባ ጠቅልሉት፣ ከሰውነታችሁ ራቅ አድርጉት። እንደገና እጅ። የፊት መከላከያውን ወይም መነጽሩን በኋላ ማሰሪያው ያዙት እንጂ ፊቱን አትንኩ። እንደገና እጅ። ማስክ የመጨረሻው ነው፣ ከክፍሉ ከወጣችሁ በኋላ። የታችኛውን ማሰሪያ አስቀድሙ፣ ከዚያ የላይኛውን፤ ጎንበስ ብላችሁ ከፊታችሁ አርቁት። ከዚያም እጅ።

ይህ የሚበላሸው በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ነው። ልጁ ላብ አጥለቅልቆታል፣ መተንፈስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማስኩን ቀድሞ ይገፋዋል፤ ገና ያልታጠበ ጓንቱ ከንፈሩን ነካ ማለት ነው። መድኃኒቱ ተራ ማሳጠር ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ ረጅም ሰዓት መቆየት ጀግንነት አይደለም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ አውልቁ፤ አንዱ ሲያወልቅ ሌላው «አሁን ጋውን፣ አሁን እጅ» እያለ ይንገረው። በዓቢይ ጾም ወይም በረመዳን የምትጾሙ ልጆች ጠዋት ተራችሁን ውሰዱ፤ በረሃብና በጥማት ጋውን ውስጥ ራስን ስቶ መውደቅ አለ።

ከሱቅ የሚገዛው በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ነው፤ የዕቃውን ጽሑፍና ቀን ግን አንብቡ፤ ሙቀት ያዳክመዋልና። ስሌቱ ይህ ነው፦ ያላችሁን መቶኛ ለምትፈልጉት መቶኛ አካፍሉ፣ ከመልሱ 1 ቀንሱ፤ የቀረው ለአንድ እጅ በረኪና የሚገባው የውሃ መጠን ነው። ደም ወይም ትውከት ለነካው ቦታ 0.5 በመቶ ያስፈልጋል፤ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ 1 ሲቀነስ 9፣ ስለዚህ 1 ሊትር በረኪና በ9 ሊትር ውሃ። ለበር እጀታ፣ ለአልጋ ብረትና ለወንበር 0.1 በመቶ ይበቃል፤ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና ላይ ውሃ ጨምሮ 10 ሊትር መሙላት ነው። 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት ከተሰጣችሁ በ1 ሊትር ውሃ 7 ግራም 0.5 በመቶ ይሆናል። ውሃውን አስቀድማችሁ በረኪናውን በላዩ አፍስሱ፤ ከጥላ ሥር፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ የተበጠበጠበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

የፈሰሰ ደም ሲያጋጥማችሁ ጽዳት ሠራተኛ ጥሩ። ተሠልጥናችሁ ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ መጀመሪያ በወረቀት ወይም በጨርቅ ሸፍኑት፣ 0.5 በመቶውን አፍስሱበት፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ጠርጋችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡ። በቆሸሸ ወለል ላይ በረኪና መርጨት ብቻ አይሠራም፤ ክሎሪኑ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ሰው ላይ አትርጩ፤ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል እንጂ ወደ ውስጥ የገባውን ተህዋስ አያወጣም። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ በረኪና በባዶ ሃይላንድ አታስቀምጡ። ከብዙ ሕመምተኛ ራስጌ ጸበል የተቀዳበት ሃይላንድ አለ። ሌሊት የጠማው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

በሩ ላይ የምትቆሙት፣ የሙቀት መለኪያውን በፀሐይ በመጣ ሰው ግንባር ላይ ወዲያው አትደግኑ። ከሐይቁ ጀልባ ወርዶ፣ ከአውቶቡስ ተራ በእግሩ ገስግሶ የመጣ ገበሬ ግንባሩ ግሎ ያለ ትኩሳት ትኩሳት ያሳያል። ላቡን ይጥረግ፣ ጥላ ሥር 15 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፣ ከዚያ ይለካ። ትኩሳት የሌለው ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው ማለትም አይደለም፤ ሳልን፣ የትንፋሽ ማጠርን ጠይቁ። ያሳለ ሰው ካለ ወዲያው ማስክ ስጡትና ከሰልፉ ለይታችሁ አስቀምጡት።

የሚከብዳችሁ ጠያቂው ነው። እኛ ሕመምተኛ የምንጠይቀው በቤተ ዘመድ፣ በዕድር፣ በማኅበር ነው፤ አሥር ሰው አልጋ ከብቦ ካልቆመ የታመመው የተተወ ይመስለናል። አትጩኹባቸው። «እማማ፣ እርስዎ ቢገቡና ቢያዙ ማን ያስታምማቸዋል? ምግቡን እኔ አደርስልዎታለሁ፣ በስልክ ድምፃቸውን ያሰሙዎታል» ብትሉ ይሰሙአችኋል። የደረሰውን ምሳ ዕቃ ስም ጻፉበት፤ ከዋርድ የሚመለስ ዕቃ በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ቤት አይሂድ። አስታማሚው አንድ ይሁን፣ በየሰዓቱ አይቀያየር፤ አልጋ ሥር ከተኛም ራሱን ከሕመምተኛው እግር በኩል ያድርግ።

መስኮት የክርክር ቦታችሁ ይሆናል። አስታማሚዎች «ንፋስ ይመታዋል» ብለው ይዘጉታል። ሳልና ትንፋሽ የሚያስተላልፈው በሽታ ደግሞ የሚወደው የታፈነ ክፍል ነው። ትይዩ ያሉትን ሁለት መስኮቶች ክፈቱ፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። ቀን ቀን ከጣና ወደ ከተማው የሚገባው ነፋስ ያለ ክፍያ ይሠራላችኋል። ሕመምተኛውን ብርድ ልብስ ደርቡለት፣ አልጋውን ከነፋሱ ፊት አዙሩለት። ማታ ወባ የምትፈሩ ከሆነ አጎበር ይሰቀል እንጂ መስኮቱ አይዘጋ።

ዕጣን ወይም ቅጠል ማጨስ የሚፈልጉም አሉ። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ጠርገን ስናቃጥል አብሮን ይኖራል። ጠረጋው መልካም ነው። ጭሱ ግን ለታመመ ሳንባ ተጨማሪ ሕመም ነው፤ ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ደግሞ ፍምም ጧፍም እሳት ያስነሳል። እጃችሁን በአልኮል ካሻችሁም እስኪደርቅ ድረስ ከሰል አጠገብ አትቅረቡ።

በጥቁሩ ባልዲ ተራ ቆሻሻ፣ በቢጫው ደምና ፈሳሽ የነካው፣ በሴፍቲ ቦክሱ ስለታም ነገር። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፤ በእጅ አይጠቀጠቅም። አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ ሊወጋችሁ ይችላል፤ አንሶላ አታቅፉ፣ አታራግፉ፣ ከጠርዙ እየጠቀለላችሁ አንሱ። ቢወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ አትጭመቁት፣ በረኪና አታድርጉበት። በዚያው ሰዓት ንገሩ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። አፍራችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ።

ወደ ቤት ስትመለሱ የዋርዱን ልብስ እዚያው ቀይራችሁ በተለየ ፌስታል አስሩ፤ ጋውን ለብሳችሁ ባጃጅ አትሳፈሩ። ልብሱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ወደ ጣና ዳር ወይም ወደ ዓባይ ወስዳችሁ አትጠቡት፤ ከዚያ ውሃ የሚጠጣ፣ የሚዋኝ ልጅ አለ። የታናናሾቻችሁን እቅፍ ከመታጠቢያው በኋላ አድርጉት። ያያችሁትን ሕመምተኛ ስም ለጎረቤት አትንገሩ፣ ፎቶ አታንሱ።

አገልግሎቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ለ14 ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀታችሁን ለኩና በደብተር ጻፉ። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሳል ከጀመራችሁ፣ ሽታና ጣዕም ከጠፋባችሁ ተራችሁ ቢሆንም አትምጡ፤ ለብቻችሁ ክፍል ሁኑና መጀመሪያ ለያዛችሁት ተጠሪ ስልክ ደውሉ፤ ማን ጋ እንደነበራችሁ፣ በየትኛው ቀን፣ ማስክ አድርጋችሁ እንደነበር ንገሩት።