መልስ፦ የጥንቷ ህንድ የፖለቲካ ሐሳብ ዛሬ የት አለ?

ወንድሜ፣ የጥንት ህንዶች የፖለቲካ ሐሳብ ዛሬ ላይ አሻራ አለው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አሻራውማ በዓይን ይታያል። የህንድን ባንዲራ ተመልከት። መሃሉ ላይ ያለው ሰማያዊ መንኮራኩር የጥንቱ የህንድ ንጉሥ የአሾካ ነው። የዛሬዋ ህንድ መንግሥት አርማ የሆኑት አንበሶችም አሾካ ሰሜን ህንድ ውስጥ ሳርናት በተባለ ቦታ ካቆመው ዓምድ የተወሰዱ ናቸው። አሾካ ካሊንጋ የተባለውን አገር ድል ካደረገበት ጦርነት እልቂት በኋላ ጸጸቱን ድንጋይ ላይ ያስቀረጸ ንጉሥ ነው። ነፃ የወጣችው ህንድ ከስንቱ ድል አድራጊ መሃል እሱን መምረጧ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የጥንቱ የህንድ የፖለቲካ አሳቢ ካውቲልያ ግን ሌላ ነው። ቻናክያም ይሉታል። በስሙ የሚታወቀው «አርታሻስትራ» የተባለው የአገር አስተዳደር መጽሐፍ ስለ ግብር፣ ስለ ሰላዮችና ስለ ጦርነት ፍርጥ አድርጎ ይናገራል። ድንበርተኛህ ተቀናቃኝህ ነው፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ደግሞ ወዳጅህ ይላል። ዛሬም ህንድ ከፓኪስታንና ከቻይና ጋር ያላትን ነገር በዚህ ዓይን የሚተነትኑ ብዙ ናቸው።

ብቻ ሐሳቡ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የወረደ አይምሰልህ። መጽሐፉ ለዘመናት ጠፍቶ ኖሮ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስሙ ገኗል። ኒው ዴልሂ ውስጥ ኤምባሲዎች የሰፈሩበት አካባቢ ቻናክያፑሪ ይባላል፤ የኛም ኤምባሲ እዚያው ነው።