የውሻህን መዳፍ ቆርቆሮ ከቆረጠው

ሰላም ወንድሜ። ከደብረ ማርቆስ «ውሻዬን ቆርቆሮ መዳፉን ቆረጠው፣ ደሙ አልቆም አለ፣ ጎረቤት ቡና ነስንስበት አለኝ» ብለሃል። ቡናውን ለጀበናው ተወው። ቁስሉን ያቆሽሻል፣ በኋላ ለማጠብም ያስቸግራል።

መጀመሪያ አፉን እሰር። የምሬን ነው። ቡሬ ሳለን የኛው ቡቺ፣ ዶሮ እንኳ የማያባርረው፣ የቆሰለ እግሩን ስይዘው እጄን ነከሰኝ። ከአሮጌ ነጠላ ረዘም ያለ ቁራጭ ቅደድ፣ አፉን ጠምጥመህ ከጆሮው ኋላ ቋጥረው። ካስመለሰው ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን አትሰር።

ከዚያ ንጹህ ጨርቅ አድርገህ ጫን። 5 ደቂቃ ሙሉ። «ቆመ እንዴ?» እያልክ አትግለጠው፣ የረጋው ደም ይላቀቃል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርብበት። በ15 ደቂቃ ካልቆመ ወይም ቁስሉ አፉን ከከፈተ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰደው።

የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጠው። ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ፓራሲታሞል ድመትንማ ይገድላል።

አንተን ከነከሰህ ወይም ምራቁ ቁስልህን ከነካው 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠብና ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። ጠበሉን ከክትባቱ በኋላ ትደርስበታለህ።