«ታካሚ ትተሽ ወረቀት ልትቆጥሪ ነው?»

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽ የምወደውን ጉዳይ ስለነካ መልሴ ይረዝማል፣ ቻይኝ። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጠያቂያችን ጠቅላላ ሐኪም ናት። የሕክምናን ጥራት፣ ወጪና ተገቢነት በሚያጠናው ዘርፍ ማስተርስ የመማር ዕድል አግኝታለች። አባቷ ግን «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ታካሚ ትተሽ ወረቀት ልትቆጥሪ ነው?» ብለዋታል። ሒሳብ እንደማይሆንላት፣ የወንድሟን የትምህርት ክፍያ የምትሸፍነው እሷ እንደሆነች፣ ባልደረቦቿም እንደ ሰላይ እንዳያዩዋት እንደምትፈራ ጽፋለች።

ከአባትሽ ልጀምር። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ተሳስተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመ አንድ የኒውዮርክ ጥናት አለ። አንድ ሺህ ተማሪዎች ታዩ። 61 ከመቶዎቹ ቶንሲላቸው ቀድሞውኑ ወጥቷል። የቀሩት ልጆች ሐኪሞች ፊት ቀርበው 45 ከመቶ ያህሉ «ይውጣ» ተባሉ። «ደህና ናችሁ» የተባሉት ደግሞ ወደ ሌሎች ሐኪሞች ተላኩ፣ አሁንም ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው «ይውጣ» ተባሉ፣ ከዚያ የተረፉት ለሦስተኛ ዙር ሄዱ፣ እዚያም ያው ሆነ። መጨረሻ ላይ ማንም ቀዶ ሕክምና ያላዘዘላቸው 65 ልጆች ብቻ ቀሩ። መቼም የልጆቹ ጉሮሮ በየዙሩ አዲስ አልታመመም። ሐኪሞቹ ከሚያዩት ልጅ ግማሽ ያህሉን ወደ ቀዶ ክፍል መላክ ለምደው ነው። ቀዶው ደግሞ ማደንዘዣ አለው፣ መድማት አለው።

ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ እያልኩ አይደለም። እያንዳንዱ የሚያየው ፊቱ የቀረበውን አንድ ልጅ ነው። ልማዱ የሚታየው የሺው ልጅ ካርድ አንድ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። አባትሽ «ወረቀት» የሚሉት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዌንበርግና አለን ጊትልሶን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቬርሞንት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ያገኙትም ከዚህ አይርቅም። ጎን ለጎን ባሉ አካባቢዎች የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ብዛት በጣም ይለያያል፣ የነዋሪው ሕመም ግን ያን ያህል አይለያይም።

የታካሚ ነገር ከተነሳ ደግሞ የላንሴት ግሎባል ሄልዝ ኮሚሽን (በሕክምና መጽሔቱ ስም የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን) እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ቁጥር ንገሪያቸው። በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች፣ ሕክምና ሊያድናቸው ሲችል በዓመት ከሚሞቱት ውስጥ 3.6 ሚሊዮኑ ጭራሽ ሕክምና ያላገኙ ናቸው። 5 ሚሊዮን ያህሉ ግን ሕክምና አግኝተዋል፣ ጥራቱ ነው የጎደለው። አባትሽን የሚያሳስባቸው ታካሚው ከሆነ መልሱ ይኸው። «ልጄ ዶክተር ናት» ማለት እንዳይቀርባቸው ከሆነ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለዛ ብለሽ ዕድሜሽን አትስጪ። ዶክተርነቱስ መች ይሰረዛል?

ያም ሆኖ ነገ ሻንጣሽን አዘጋጂ አልልሽም። እኔ ከነርስነት ተነስቼ ነው ሆስፒታል ጥራት ክፍል የገባሁት፣ ትምህርቱ የመጣው በኋላ ነው፣ እና ይህ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ከመሄድሽ በፊት አሁን ባለሽበት ሆስፒታል ጥራት ክፍል ገብተሽ ሥሪ። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ። ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጠው መከላከያ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ይሰጣል ወይ? ቀዶው ካለቀ በኋላስ ለምን ለቀናት ይቀጥላል? የመጀመሪያው የጥራት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የተገቢነትም የወጪም ነው፣ ምክንያቱም ቀዶው ካለቀ በኋላ መድኃኒቱን ማራዘም ኢንፌክሽን እንደማይቀንስ ይታወቃል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ካርዶቹን ስታገላብጪ ደግሞ አንድ ነገር ይገባሻል። ካርዱ ላይ «3፡00 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው መድኃኒቱ የተሰጠበት ነው ወይስ ነርሷ ከሩጫ አርፋ ቁጭ ብላ የጻፈችበት? ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ያልሠራ ተመራማሪ ይህን አይጠይቅም፣ ዳታው ላይ ያገኘውን ሰዓት እንዳለ ተቀብሎ ውብ ግራፍ ይሠራበታል። አንቺ ግን ትጠይቂያለሽ።

ሒሳቡ ይለመዳል። «አር» (R) የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ ዛሬ ማታ ጫኚው።

ሰላይ መባሉ አይቀርልሽም። ቦስተን ውስጥ ኤርነስት ኮድማን የሚባል ቀዶ ሐኪም፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ እያንዳንዱ ታካሚ ቆይቶ ተጠርቶ ሕክምናው ሠርቶለት እንደሆነ ይታይ በማለቱ ከባልደረቦቹ ጋር ተቃቅሯል። የማንንም ስም ሳታነሺ ውጤቱን መጀመሪያ ለራሳቸው ለዋርዱ ሰዎች አሳዪ፣ ግማሹ ጠብ ይበርዳል።

ገንዘቡን አልዋሽሽም፣ ስፔሻሊስት ብትሆኚ የተሻለ ታገኛለሽ። የወንድምሽን ክፍያ ግን አንቺ ብቻ መሸከም አለብሽ ያለው ማነው? አባትሽ ስለ ሙያሽ ይህን ያህል የሚናገሩ ከሆነ ስለ ክፍያውም አብረው ይቀመጡና ይነጋገሩ።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ በዚህ ሳምንት ጻፊና ቦታሽን ለአንድ ዓመት ያቆዩልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ከፈቀዱ ጥራት ክፍል ግቢ። ካልፈቀዱ ዕድሉን አትጣዪው፣ ሂጂ፣ ግን በወር ጥቂት ተረኝነት የምትገቢበት ሆስፒታል ከትምህርቱ ጎን ፈልጊ።