ጠያቂና መላሽ፦ የመጽሐፉ ዘመን፣ የጣፊያው መርፌ፣ የፎርማሊኑ ሰዓት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከግእዝ ጥናት፣ አንዱ ከተላላፊ በሽታ፣ ሁለቱ ደግሞ ከካንሰር ሕክምና ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ የእነዚህ ክፍሎች ሰዎች ሻይ ቤት እንኳ አይገናኙም። ጥያቄዎቹ ግን አንድ ቦታ ያርፋሉ፦ ብራናውም ሆነ ከሰውነት የተወሰደው ናሙና መርማሪው እጅ ሲገባ ምን ሆኖ ነው የደረሰው?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በትውልድ ቀበሌዬ ባለው ደብር ዕቃ ቤት የሚገኙ ሰባት የብራና መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቼ ላጠና ነው፤ ቄሰ ገበዙ ፈቅደውልኛል። ያለኝ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው። የአንዱ መጽሐፍ መጨረሻ «በ፻፴ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማርቆስ» ተጻፈ ይላል። 130 ዓ.ም. ሊሆን አይችልም፤ ጸሐፊው ተሳስቷል ብዬ ልለፈው?
(ተማሪ፣ ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ የኋለኛውን እናስቀድም። ጸሐፊው አልተሳሳተም። በድሮ መጻሕፍት «ዓመተ ምሕረት» ብዙ ጊዜ ዛሬ እንደምንጽፈው ከልደተ ክርስቶስ ጀምሮ የሚቆጠር ሳይሆን በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደትና የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ሲባዙ የሚገኝ። የዚህ አቆጣጠር መነሻው ዓመተ ሰማዕታት (ከንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ጀምሮ የሚቆጠረው) ሲሆን ዓመተ ሰማዕታትን ወደ ዓ.ም. ለማምጣት 276 ይደመራል። በ276 ላይ 532 ሁለት ጊዜ ሲጨመር 1340 ይመጣል። እንግዲህ 130ን ከ1340 ጋር ይደምሩ፤ 1470 ዓ.ም. ይሆናል።

ማረጋገጫው እዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለልዎት። ዓ.ም.ን ለ4 ሲያካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1470 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ። ገጠመ። የንጉሥ ስም ከተጠቀሰም ያመሳክሩ፤ ዓመቱ በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን መጨረሻ ላይ ይውላል። ወንጌላዊው አልገጥም ካለ መጀመሪያ አኃዙን እንደገና ይዩት። በደበዘዘ ቀለም ፮ እና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ፤ አንድ ዓመት ሲዛነፍ ወንጌላዊው ወዲያው ያጋልጠዋል። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ «፲፭ ዓመተ ምሕረት» 1355 ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ቀመር ከገባ በኋላ 1887ም ሊሆን ይችላል። 532 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ወንጌላዊው በሁለቱም አንድ ነው። ያን ጊዜ የሚፈርደው የፊደሉ አጣጣል ነው። ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው) ከተጻፈ 5500 ይቀንሱ፤ 7155 ማለት 1655 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ ነው።

ወደ ፎቶው እንምጣ። ካሜራዎ ይበቃል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ገጽ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለማንሣት ወደ 3,550 ፒክስል ያስፈልጋል፤ የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ረጅሙ ጎን ግን 6,000 ነው። የሚጎዳዎት ካሜራው አይደለም፤ መዛነፉ ነው። ካሜራውን በባለሦስት እግር መቆሚያ ወደ ታች ካዞሩ በኋላ ብራናው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ትንሽ መስታወት አጋድመው በካሜራው ይመልከቱ። የሌንሱ ምስል ከመካከል ከዋለ ካሜራው ከገጹ ጋር ትይዩ ነው፤ ወደ ጎን ከሸሸ የዳር መስመሮች ሁሉ ይጣመማሉ። ፍላሽ አያብሩ። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያቁሙ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከበራ የብራናው እጥፋት ሁሉ ጥላ ይጥላል፣ ከፊት ከበራ ደግሞ ጥቁሩ ቀለም ያንጸባርቅና ፊደሉ ነጭ ይሆናል። የቀለም ካርድና ማስመሪያ በየፍሬሙ ጠርዝ ይግቡ። ዓይነ ሥውር የሆነ ፎቶ፣ ማለትም የመጠን መለኪያ የሌለው፣ በኋላ የገጹን ስፋት ለሚጽፍ ሰው ምንም አይነግረውም።

መጽሐፉን ከ100 ዲግሪ በላይ አይክፈቱት፤ ገበታው ሥር ጨርቅ ጠቅልለው ይደግፉ። ጠፍጥፈው ሲከፍቱት የሚበጠሰው የጥራዙ ክር ነው። በአንድ ካሜራ የሚሠሩ ከሆነ መጀመሪያ የሁሉንም ቅጠል ፊት፣ ቀጥሎ መጽሐፉን አዙረው የሁሉንም ጀርባ ያንሡ። ሁለት ቅጠል ተጣብቆ ሲገለጥ አንድ ገጽ ይዘለላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተማ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በየጥራዙ መጨረሻ ቆመው ይቁጠሩ። አብዛኛው ጥራዝ 8 ወይም 10 ቅጠል ነው፤ 7 ካገኙ ወይ ቅጠል ተቀዷል ወይ ዘለሉ። ገበታውን፣ ጀርባውን፣ ማኅደሩን፣ ባዶ የሚመስሉትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎች አይተዉ። የርስት ጉልት ውል፣ የመጽሐፉ ዋጋ፣ የደብሩ የንዋየ ቅዱሳት ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በእኛ አስተያየት ለታሪክ ተማሪ ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ እነዚያ ገጾች ይበልጣሉ።

እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። የጥጥ ጓንት አያስፈልግም፤ ጣት ስሜቱን ያጣና የቅጠሉን ጠርዝ ይቀዳል። የተቀደደ ካዩ በፕላስተር አያጣብቁ። ሙጫው በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ይለወጥና ብራናው ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲላጥ ፊደል ይዞ ይነሣል። የረጠበውን ፀሐይ ላይ አያስጡ፤ ይኮማተራል።

150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ገጽ ነው። ፍሬሙን ወደ 30 ሜጋባይት ቢገምቱ ባልተጨመቀ ፋይል 9 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ሰባቱን መጻሕፍት በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይዘው አንዱን ለደብሩ ይተዉ። ፈቃዱን በተመለከተ የቄሰ ገበዙ ቃል ብቻ አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለማጥናት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዩኒቨርሲቲዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዙ፣ ሀገረ ስብከቱም ይወቅ። ከመሄድዎ በፊት ደግሞ መጽሐፉ ቀድሞ በማይክሮፊልም ተነሥቶ እንደሆነ ያጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ቅጂዎቹ ሚኔሶታ ኮሌጅቪል ይገኛሉ፣ ብዙዎቹን ዝርዝር ያወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ያኔ የነበረ ዛሬ የሌለ ቅጠል ካገኙ እሱ ራሱ የጥናትዎ አንድ ምዕራፍ ነው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በሑመራ ሰሊጥ እርሻ ሲሠራ ካላዛር ይዞት ከሁለት ዓመት በፊት ታክሞ ድኖ ነበር። አሁን ሦስት ሳምንት ያተኩሰዋል። ጤና ጣቢያ በጣት ደም የሚሠራውን ፈጣን ምርመራ አደረጉለትና «ፖዘቲቭ ነው፣ አገርሽቶበታል» አሉን። መርፌው እንደገና ይጀመር?
(እኅቱ፣ ከመተማ)

መልስ፦ በዚያ ውጤት ብቻ አይጀመር። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፉ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያመጡት በሽታ ነው። ፈጣኑ ምርመራ (አርኬ 39 የሚባለው) የሚፈልገው ጥገኛ ተሕዋስያኑን አይደለም፤ ሰውነት በላያቸው የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ደግሞ በሽታው ከዳነ በኋላ ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ወንድምዎ ትናንት ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ቢመረመርም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችል ነበር። ያ ምርመራ የሚጠቅመው ታክሞ ለማያውቅ ሰው ነው።

ትኩሳቱን ግን ችላ አይበሉ። በመጀመሪያ የወባ ምርመራ፣ ሳል ካለው የቲቢ፣ ካላዛር ደግሞ አገርሽቷል በተባለ ቁጥር የኤችአይቪ ምርመራ የግድ ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ካላዛር ደጋግሞ ያገረሽበታል፤ የሚታዘዝለት መድኃኒትም የተለየ ነው።

መመለሱን የሚያረጋግጠው ጥገኛው ራሱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ናሙናው ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ ይወሰዳል። የጣፊያው ናሙና ካላዛር ካለባቸው ሰዎች ከመቶ 93 እስከ 99 የሚሆኑትን ያገኛል፤ የመቅኔው ግን ከ53 እስከ 86። ሐኪሞች ጣፊያውን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ የሚፈሩትም ስለሚደማ ነው። ስለዚህ ሳይለካ አይወጋም። ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በማይክሮ ሊትር ከ40,000 በታች ከሆነ ወይም ደሙ ለመርጋት ከተዘገየ ምርመራው ይቀራል፣ ወደ መቅኔ ይኬዳል። መርፌው ቀጭን ነው፣ ጣፊያው ውስጥ የሚቆየውም ከአንድ ሰከንድ በታች። ወንድምዎ በዚያች ቅጽበት ትንፋሹን ይዞ ዝም ማለት አለበት፤ ቢያስል ወይም ቢወራጭ ጣፊያው ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ በኋላ በጀርባው ተኝቶ ለሰዓታት የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይታያል። «ደኅና ነኝ» ብሎ ተነሥቶ ወደ መናኸሪያ እንዳይሄድ ይቆጣጠሩት። ይህ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ሕክምና ካርድ ይዘው ይሂዱ።

የተለመደው የመጀመሪያ ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው፤ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በኪሎ ክብደት 20 ሚሊ ግራም፣ ፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም። የመጀመሪያው ልብንና ቆሽትን ስለሚጎዳ ብርቱ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም የልብ መምታት መዛባት ከመጣ ነርሷ ያኔውኑ ትወቅ። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ አብረው በሠሩት ጥናት ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን ተሰጥቶ ከ17 ቀኑ ጋር የተቀራረበ ውጤት አሳይቷል፤ መርፌውም በቀን ወደ አንድ ወርዷል። ሚልቴፎሲን ፅንስ ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ታላቅ እኅቴ ጡቷ ላይ የበቀለው ዕጢ በክልል ሆስፒታል ወጣላት። የወጣውን ሥጋ በዕቃ አድርገው «አዲስ አበባ ፓቶሎጂ አድርሱ» ብለው ሰጡን። ካደረስን በኋላ «ካንሰር ነው፣ የሆርሞን ተቀባይ ግን የለውም» ተባለ። ሌላ ሐኪም ውጤቱን ተጠራጥሮታል። የጫንበት መንገድ ያበላሸው ይሆን?
(ከደሴ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ የሐኪሙ ጥርጣሬ ቦታ አለው። ሥጋ ከሰውነት በተለየበት ደቂቃ መበላሸት ይጀምራል። የሚያስቆመው 10 ከመቶ ፎርማሊን ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊን በሰዓት የሚዘልቀው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ሥጋ ሳይሰነጠቅ ከገባ ዳሩ ይደርቃል፣ መካከሉ ይበሰብሳል፤ ዕጢው ደግሞ ያለው መካከል ነው። ፎርማሊኑ የሥጋውን 10 እጥፍ መሆን አለበት። 600 ግራም ለሚመዝን ጡት 6 ሊትር ማለት ነው። በሁለት ሊትር የዘይት ዕቃ ተጠቅጥቆ የተላከ ናሙና ምን ሆኖ እንደሚደርስ መገመት አያቅትም።

ለሆርሞን ተቀባይ ምርመራ (ዕጢው እንደ ኢስትሮጅን ያለ ሆርሞን የሚይዝበት ተቀባይ አለው ወይ የሚለውን የሚያሳየው) ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይመከራል። ዓርብ ተቆርጦ፣ ቅዳሜ ተጭኖ፣ ረቡዕ የተመዘገበ ናሙና ሰዓቱ አልፎበታል። አልኮል፣ ጨው ውኃ ወይም በረዶ ፎርማሊንን አይተኩም።

አሁን ላቦራቶሪውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ በዚያው ስላይድ ላይ ያለው ጤነኛ የጡት ቱቦ ቀለም ይዟል ወይ? ጤነኛ ቱቦ ተቀባይ ስላለው ቀለም መያዝ አለበት፤ እሱ ይዞ ዕጢው ካልያዘ ውጤቱ ይታመናል። ጤነኛውም ካልያዘ ግን ያ «ኔጌቲቭ» አይባልም፤ ናሙናው ለምርመራው አልበቃም ማለት ነው። ከቀዶው በፊት በወፍራም መርፌ የተወሰደ ባዮፕሲ ካለ የእሱ የፓራፊን ብሎክ (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበት) ይመርመር። ቀጭን ስለሆነ ወዲያው በፎርማሊን ይርሳል፤ ብዙ ጊዜ ከቀዶው ናሙና የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ባዮፕሲው ከሌለ በዚያው ብሎክ ላይ ሌላ ቦታ ተቆርጦ ይደገም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት ከተመረመሩት የጡት ካንሰሮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል። ተቀባይ ላላት ሴት ታሞክሲፈን በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ5 ዓመት የሚዋጥ፣ ርካሽና ብዙ የሚጠቅም መድኃኒት ነው። በተበላሸ ናሙና ምክንያት «የለሽም» መባል ይህን መድኃኒት ማጣት ነው።

ሌላ ቤተሰብ ናሙና እንዲያደርስ ቢሰጠው አፉ ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ይቀበል፤ ጠርሙስ አይያዝ፣ አንገቱ ጠባብ ነውና ሥጋው ከጠነከረ በኋላ አይወጣም። ስሙ፣ ቀኑና የተቆረጠበት ሰዓት በዕቃው አካል ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ከክዳን ይቀያየራል። ድርብ ፌስታል ይደረግበት፣ መኪና ውስጥ መስኮት ይከፈት። ቀዶ ሐኪሙ በክር አቅጣጫ ምልክት ማድረጉን ይጠይቁ። አጭር ክር ላይኛው ጎን፣ ረጅም ክር የብብት ጎን የሚለው ልማድ ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ክር ከሌለ ፓቶሎጂስቱ ጠርዙ ላይ ካንሰር ቢያገኝ እንኳ የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ለቀዶ ሐኪሙ ሊነግረው አይችልም።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምና ልሠራ ስል «የሚተርፈው ሥጋ ለምርምር ይዋል» የሚል ወረቀት ፈርሚ ተባልኩ። ካልፈረምኩ ሕክምናው ይቀርብኛል?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይቀርብዎትም። የምርምር ፈቃድ ከቀዶ ሕክምናው ፈቃድ የተለየ ወረቀት መሆን አለበት፤ ሁለቱ በአንድ ፊርማ ከተጣመሩ ለይተው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። በወረቀቱ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የማጽደቂያ ቁጥርና የሚደወልበት ስልክ መኖሩን፣ ሐሳብዎን ቢቀይሩ እንዴት እንደሚወጡም መጻፉን ይዩ። ከመፈረምዎ በፊት ለእርስዎ ምርመራ የሚያስፈልገው መጀመሪያ እንደሚወሰድ፣ ለምርምር የሚሄደው ከዚያ የተረፈው ብቻ እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያረጋግጡ።